የፈረንጅ ላም በእትዬ መሰለች ቤት

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ መሰለች፣

ጤናዎን እንዴት ይዞዎታል? ወገብዎስ ተሻለዎት? እኛ ልደታ ማርያም ትመስገን ደህና ነን። እናቴ በጣም ሰላም ትልዎታለች። በአባቴ ለቅሶ ሰሞን ሰባቱንም ቀን ከእኛ ጋር መሬት ላይ ተኝተው አጽናንተውናል፤ ብድርዎን የሚመልስ እግዚአብሔር ነው።

ስልክ ብደውል ጆሮዎ እንደማይሰማልዎት ስለማውቅ፣ አባቴ ያደርግ እንደነበረው በወረቀት ጽፌ በሹፌሩ በሰላሁን ልኬያለሁ። ሰላሁን «አባትሽ በወር አንዴ ደብዳቤ ይሰጠኝ ነበር፤ አሁን አውቶቡሱ ቀለለብኝ» አለኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አባቴ ሊያርፍ ሁለት ቀን ሲቀረው «መሰለች ዘንድ ያለችውን ላም አደራ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አለኝ። እኔ ደግሞ ወተት ላስቲክ ላይ ከተሳለችው በቀር ላም አላውቅም። የምኖረው ሰንጋ ተራ አጠገብ ነው፤ እሱም ቢሆን ዛሬ ፎቅ እንጂ ሰንጋ የለበትም። እናቴን ስጠይቃት ላሚቱ የአባቴ እንደሆነች፣ ወተቷና ፍጓ ግን የእርስዎ እንደሆነ፣ ጥጃዋንም በየተራ እንደምትካፈሉ አስረዳችኝ።

እትዬ፣ ሜክሲኮ አደባባይ ያለ ባንክ ውስጥ የምሠራው ብድር ክፍል ነው። ወተት ላም እናረባለን ብለው የሚበደሩ ሰዎች ወረቀት በየቀኑ በእጄ ያልፋል። አንዲት የፈረንጅ ላም በቀን አሥራ አምስት ሊትር ትሰጣለች ይላል። የእኛዋ ላም ዳልቻ ግን ሁለት ሊትር እንደማትሞላ እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል። ስለዚህ ዳልቻ ትሸጥና በምትኳ የፈረንጅ ላም ገዝቼ ልላክልዎ። የአባቴ አደራ በዚህ ከፍ ይላል ብዬ ነው። ምን ይላሉ?

የእርስዎዋ ኑኃሚን ፍሰሐ


ጉመር
ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑኃሚን፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ዕድሜሽ ይርዘም፣ የእናትሽን ጓዳ እግዜር አያጉድልባት። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እጅ ጽሑፍሽ የአባትሽ ነው፤ «መ»ን እንደሱ ታጎብጫታለሽ። የእኔ ፊደል ቢንጋደድ አትሳቂብኝ፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመን አንድ ቁጡ ልጅ በቁንጥጫ ያስተማረኝ ነው። አባትሽ የአጎቴ ልጅ ቢሆንም እኔ ከወንድም ለይቼው አላውቅም።

ዳልቻ ደህና ናት። ትንሽ ናት ማለትሽ እውነት ነው። ትንሽ ያደረጋት ግን አገሩ ነው። እዚህ ኅዳር ከገባ ሣሩ ጠዋት ጠዋት በውርጭ ይነጣል፤ ከጥር ወዲያ ደግሞ ጭራሽ ይደርቃል። ሆደ ሰፊ ከብት በዚህ ጊዜ አይዘልቅም። ዳልቻ ከእኔ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው የምታድረው፤ ጋጣዋ ከምድጃው ማዶ ነው። ትንፋሿ ቤቱን ያሞቃል፣ የእኔ ጭስ ዝንቡን ያባርርላታል። ጠዋት ፍጓን በቅርጫት ጓሮ ወስጄ ለእንሰቱ እሰጣለሁ። በበጋ ሣር ሲጠፋ እንሰቱ ከቅጠሉ ይከፍላታል። እኔ በሁለቱ መሃል ተሸካሚ ነኝ።

ፍግ ያላገኘ እንሰት አይወፍርም፤ ያልወፈረ እንሰት ደግሞ ቆጮ የለውም። እንግዲህ ጎተራዬ ጓሮው ነው።

ላሚቱ ያንቺ ናት፤ ያልሽው ይሁን። የፈረንጅ ላም ግን ምን ትበላለች? ቁመቷስ ምን ያህል ነው? በራችን ጠባብ ነው፤ ብርድ እንዳያስገባ ተብሎ ነው። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው የጠየቅሁሽ።

ጥቂት ቅቤ ልኬልሻለሁ። ለእናትሽ እራስ ይሁን።

እናትሽ መሰለች


ልደታ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ መሰለች፣

ለመጪው ገና በሰላም ያድርስዎ። ሐሳቤን ስለተቀበሉልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። ቅቤውን እናቴ በእጇ ይዛ አሸተተችና «ይሄ ነው ቅቤ» አለች። የሥራ ባልደረባዬ እድላዊት ጥቂት ቆንጥሬ ብሰጣት እስካሁን ስሟን ትታ «ቅቤ አለ?» እያለች ነው ሰላም የምትለኝ።

ላሚቱን አገኘሁ! ሰበታ አካባቢ ጃርሶ የሚባል አርቢ ዘንድ ሄጄ በዓይኔ አየኋት። ጥቁርና ነጭ ናት፣ ቁመቷ እስከ ትከሻዬ ይደርሳል። ጡቷን ቢያዩ! ጃርሶ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቀኝ። «ጉመር» ስለው ራሱን አከከና «ብርዱንስ አትፈራም። ሆዷን ግን ማን ይችለዋል?» አለኝ። ዋጋ ለማስወደድ የሚያወራ መስሎኝ ሳቅሁበት።

ጥር አጋማሽ ላይ በአይሱዙ ትደርሳለች። እስከዚያ ዳልቻን ቢሸጡልኝ። ለበሩም አይጨነቁ፤ የሚያሰፋ አናጺ ከላሚቱ ጋር ይመጣል። ከእንግዲህ ከመንደሩ ወተት የሚበዛው በእርስዎ ቤት ነው።

ልጅዎ ኑኃሚን


ጉመር
የካቲት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑኃሚን፣

የደጉን ነገር ያሰማሽ። እጅሽ ይባረክ። ደብዳቤዬ ስለዘገየብሽ አትቀየሚኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

እንግዳይቱ በደህና ደርሳለች። አይሱዙው ጀፎሩ ላይ ሲቆም መንደርተኛው በሙሉ ወጣ። ጀፎር እንኳ ታውቂዋለሽ፤ ቤቶቻችን ግራና ቀኝ የተሰለፉበት ሰፊው የሣር መንገድ ነው፣ ከብቱ የሚግጥበት። አንድ ሽማግሌ ዞሮ ዞሮ አያትና «ይህቺ ላም ናት ወይስ ባለሥልጣን?» አለ። ስሟን «ወይዘሮ» አልናት። ጠባይዋ መልካም ነው፣ ምስኪን ናት። ስትታለብ እግሯን አታነሳም።

ዳልቻን አረቅጥ ገበያ ወስጄ ሸጥኳት። የወሰዳት ሰው ደህና ሰው ይመስላል። ስትሄድ ዞራ አላየችኝም፤ እኔም ቶሎ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በሩ ሰፍቷል። አናጺው ጎበዝ ነው። አሁን ቤቱ ብርሃን አለው፣ ነፋስም አለው። እኔ ጋቢ ደርቤ እቀመጣለሁ።

ወይዘሮ ትበላለች። እግዜር ይባርካት፣ ትበላለች። ፉርሽካ የሚባለውን ጃርሶ ትወድ ነበር ብሎሽ ከሆነ፣ ሰላሁን ሲመጣ ጥቂት ቢይዝልኝ ጥሩ ነበር። ካስቸገረሽ ይቅር፤ ጓሮው አለ።

ለዚህ ጊዜ ቅቤው ትንሽ ነው። ለሌላ ጊዜ ይበረክታል።

እናትሽ መሰለች


ልደታ
መጋቢት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ መሰለች፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ሁለት ኩንታል ፉርሽካ በሰላሁን ልኬያለሁ። «ወይዘሮ» የሚለውን ስም ለእድላዊት ነግሬያት ቢሮው ሁሉ ሳቀ።

አንድ ነገር ግን ሳይነግሩኝ ቀሩ፤ በቀን ስንት ሊትር ሰጠች? ጃርሶ ከአሥራ ሁለት አያንስም ብሎኛል። ያን ያህል ወተት እያለ ቅቤው እንዴት አነሰ ብላ እናቴም ጠየቀች። እኔ እንኳ ለቅቤው ብዬ አይደለም። እንደው ደስ እንዲልዎት ፈልጌ ነው፤ ደስ ብሎኛል ብለው አልጻፉልኝም።

ኑኃሚን


ልደታ
ሚያዝያ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ መሰለች፣ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። እንኳን ለትንሣኤ በዓል አደረሰዎ። ታመሙ እንዴ? ሰላሁንን ስጠይቀው «ደህና ናቸው» ብሎኝ ፊቱን ያዞራል። እባክዎ ሁለት መስመር ይጻፉልኝ።

ኑኃሚን


ጉመር
ግንቦት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑኃሚን፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። ደህና ነኝ። ወይዘሮም ደህና ናት። ሊትር መለኪያ የለኝም እንጂ ወተቷ ብዙ ነው። ፉርሽካ ከእንግዲህ አትላኪ፣ ሰላሁን በጭነት ተቸግሯል። ዝናብ ስለጀመረ መንገዱ ክፉ ነው፤ ለመምጣት አታስቢ። ለመስቀል ትመጫለሽ።

መሰለች


ልደታ
ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ ለእትዬ መሰለች፣

ያለ ፈቃድዎ መጥቼ ሁለት ቀን አስቸግሬ፣ ያለ ፈቃድዎ ደግሞ አልቅሼ ተመለስኩ። ይቅር ይበሉኝ። ሰላሁን ነው የላከኝ። «እትዬ መሰለች አልታመሙም፤ ጓሯቸውን ሄደሽ እዪ» አለኝ።

ከልጅነቴ ጀምሮ በየመስቀሉ ጉመር ስመጣ የማየው ክትፎውን ነበር። ቀና ብዬ አገሩን ያየሁት አሁን ነው። ያንን ሰፊ ጀፎር ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም። እኛ ከተማ እንዲህ ያለ መሬት ቢገኝ በማግስቱ ካርታ ይወጣለታል። እናንተ ግን በየቤቱ ልክ ሣሩን እየተካፈላችሁ፣ ይሄው ስንት ዘመን ለምለም አድርጋችሁ አቆያችሁት።

ከዚያ ጓሮ ገባሁ። ሃያ ሦስት ጉቶ ቆጠርኩ። «ደርሰው ነው የቆረጥኳቸው» አሉኝ፣ ዓይንዎ ግን እኔን አያይም ነበር። ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ሸምሲያን ተከትዬ ጠየቅኋት። ጎረቤት እንደ ሸምሲያ ያድርግልኝ፤ አልዋሸችኝም። «ለመድረስ ሦስት አራት ዓመት ይቀራቸው ነበር። በበጋው ቅጠሉ ሲያልቅባት ግንዱን እየከተፈች ለላሚቱ ሰጠች። ፉርሽካው ላንድ ወር እንኳ አልበቃም» አለችኝ።

የወተቱንም ነገር ነገረችኝ። አምስት ሴቶች ሆናችሁ የወተት ዕቁብ እንዳላችሁ አላውቅም ነበር። የአንዷ ላም ወተት ብቻውን ለመናጥ ስለማይበቃ፣ በአንድ ማሰሮ እየሰፈራችሁ በየተራ ለአንዷ ታጠራቅማላችሁ። የወይዘሮ ወተት ማሰሮውን በአንድ ጊዜ ሞላ፤ ሲናጥ ግን ቅቤው ጠፋ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እርስዎ ውኃ የጨመሩበት መሰላቸው። እርስዎ ደግሞ ጠርተዋቸው ፊታቸው አልበው አሳዩአቸውና፣ ማንም ውጪ ሳይልዎት «እኔን ተዉኝ፣ የእኔ ወተት ሂሳባችሁን ያበላሸዋል» ብለው ወጡ። ሸምሲያ «የወጣች ዕለት አምስታችንም አለቀስን» አለችኝ።

እኔ ስለ ወተት ላም ያላነበብኩት ወረቀት የለም። የቅባቱን ነገር አንዱም ላይ አይቼው አላውቅም፤ ሁሉም ሊትር ሊትር ይላል። እናንተ ቤት ግን ሁሉ ነገር አስቀድሞ ተለክቷል። ላሟ በበሩ ልክ፣ በሩ በብርዱ ልክ፣ እንሰቱ በፍጉ ልክ፣ ዕቁቡም በወተቱ ልክ ነው። ማን እንዳሰበው አይታወቅም፤ ግን በደንብ ታስቦበታል። ያን ሁሉ እኔ ከሜክሲኮ ሆኜ በአንድ ላም አፈረስኩት። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት። እየራበው ለመጣው ሁሉ ከጓሮዎ እየቆረጡ፣ ጋቢ ደርበው፣ አንድም ቀን «ልጄ፣ አጠፋሽ» አላሉኝም።

«ለምን አልነገሩኝም?» ስልዎት የመለሱልኝን ለእናቴም ነገርኳት። «ስጦታ ናት፣ እንግዳም ናት። እንግዳ እየራባት እንሰቴን አቁሜ ላያት ነው?» አሉኝ።

አሁን ጃርሶን አናግሬዋለሁ። ሲሰማ አልሳቀብኝም፤ «ነግሬሽ ነበር» ብቻ አለ። ወይዘሮን የፊታችን ሐሙስ መጥቶ ይወስዳታል። እሷም ምስኪን ጥፋት የለባትም። አናጺውም በሩን ሊመልስ ይመጣል። የሸምሲያ ባል ደግሞ ከዚያው ከደጋው አንዲት ጊደር መርጦ እንዲገዛልን ገንዘቡን ትቼለታለሁ፤ ትንሽ፣ የአገሩን ሣር የምታውቅ።

ይህችን ጊደር በስጦታ እሰጥዎታለሁ። የእርስዎ ትሁን፤ እሷም፣ የምትወልደውም። ሽማግሎች ፊት ይነገርልኝ፤ የእኔ ስም አይጠራበት። ከእንግዲህ ልደታ የተቀመጠች ሴት በጋጣዎ ላይ አዛዥ አትሆንም። ጥፋቴን የምክሰው በዚህ ነው።

የምትወድዎ ልጅዎ ኑኃሚን


ጉመር
ሰኔ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑኃሚን፣

የአባትሽ አምላክ ከፊትሽም ከኋላሽም ይቁምልሽ። ወይዘሮ ሐሙስ ሄደች። መኪናው ላይ ስትወጣ ሸምሲያ ሣር አጉርሳታለች፣ እኔም ግንባሯን አሻሽቻታለሁ። በሩ ጠቧል፣ ቤቱም ሞቋል። ሴቶቹ ማሰሮውን ይዘው መጥተው «ሰኞ ያንቺ ተራ ነው» ብለውኛል። ላም ሳይኖረኝ ተራ ሰጡኝ። ሃያ ሦስቱንም ጉቶ ነቅዬ ችግኝ ተክያለሁ፣ ፍጉን ወይዘሮ ብዙ ትታልኛለች። ስድስት ዓመት ይፈልጋሉ። እግዜር ዕድሜ ከሰጠኝ እኔ እበላቸዋለሁ፣ ካልሰጠኝ ሌላ ሰው ይበላቸዋል።

ጊደሯም ገብታለች። ቀይ ናት፣ ጆሮዋ ጥቁር። ጋጣው ውስጥ ገብታ ምድጃውን ተመለከተችና ተኛች። የት እንደመጣች ነጋሪ አላስፈለጋትም።

አሁን ግን ልቆጣሽ ነው። ላሚቱን ስትልኪ አልተቆጣሁም፤ የማያውቅ ሰው ያጠፋል። እንሰቱን ስቆርጥም አልተቆጣሁሽም፤ የራሴ እጅ ነው የቆረጠው። የተቆጣሁሽ በዚህ በመጨረሻው ደብዳቤሽ ነው። «የእርስዎ ትሁን፣ የእኔ ስም አይጠራ» ያልሽው አንጀቴን አቃጠለው። የሸምሲያን ባል ጠርቼ «ሽማግሌ አያስፈልግም፣ እንዲህ ያለ ነገር አልተባለም» ብዬዋለሁ።

አባትሽ ሠላሳ አንድ ዓመት ጻፈልኝ። ደብዳቤዎቹ ሁሉ ሣጥኔ ውስጥ ናቸው። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ «ናፍቀሽኛል» አላለኝም። ወንድ ነው፣ ያውም የተክለ ሃይማኖት ሰፈር ነጋዴ። «ላሟ እንዴት ናት? ወለደች? ሣሩ ደረሰ?» ይላል። ባሌ የሞተ ጊዜ ስለ ለቅሶ አንድ መስመር ጻፈና፣ ከዚያ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ላም ጠየቀኝ። እኔም ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ላም መለስኩለት። ሁለታችንም ምን እያልን እንደሆነ እናውቅ ነበር።

አደራ ያለሽ ይህንን ነው ልጄ። ስለ ወተት አልነበረም፤ ወተት እሱስ ልደታ ይገዛ የለ? ሰው ከተማ ከገባ ሥራ ይበዛበታል፣ ልጅ ይወልዳል፣ አንዲት ደንቆሮ አሮጊትን በባዶ ሜዳ አይጠይቅም። ከብቱን እዚህ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። ጊደሯን ለእኔ ከሰጠሽኝ፣ ከመስቀል እስከ መስቀል ምን ብለሽ ትጽፊልኛለሽ?

ስለዚህ ጊደሯ ያንቺ ናት። እንዴት ናት ብለሽ ጠይቂኝ።

እናትሽ መሰለች